ደወሉ፣ ወፍጮው፣ ሙቀጫው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ስለሆነ የቸኮለ ሰው ሌላ ጊዜ ይመለስበት፤ ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

ሰሞኑን «ከዕለት ተዕለት ድምፆች የቱን ትወዳላችሁ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ሰፈር ሲዞር አየሁ። አንዱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አለ፣ አንዷ ጀበና ሲንተከተክ አለች፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደግሞ «የቲቸር ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሰበር» ብሎ አሳቀኝ። እኔም የራሴን ልጽፍ ተቀመጥኩና አንድ ነገር አስገረመኝ። የምወዳቸው ድምፆች ሁሉ ዞረው ዞረው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳሉ። እኔ ደግሞ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና ድምፅ ስሰማ «ከየት መጣ?» ማለት አይለቀኝም። እናም ነገሩ ከአንድ መስመር ወደዚህ ሁሉ ተዘረጋ።

ከደወል ልጀምር። ደወል ስል የናሱን አይደለም። ጣና ላይ፣ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄዳችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ረዘም ሳሳ ያሉ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። የማያውቅ ሰው አጥር ሊሠራባቸው የመጡ መስለውት ያልፋቸዋል። ተማሪዎች ይዤ በጀልባ በሄድን ቁጥር አንዱ ደፋር «ቲቸር፣ ይኼ እውነት ደወል ነው?» ይላል። አባ አነስ ያለች ድንጋይ ያነሱና አንድ ጊዜ ነካ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ጀልባው ላይ ሲንጫጫ የመጣው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከድንጋይ የማይጠበቅ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ከመሬት የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ድንጋይ ሁሉ ግን አይጮኽም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ስንጥቅ ያልገባበት መሆን አለበት። መሬት ላይ አስቀምጠው ቢመቱት ደብ ከማለት አያልፍም፤ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ነጻ ሲሆን ነው የሚያስተጋባው። ሁለት ሦስት ሆነው ከተሰቀሉ ደግሞ እንደ መጠናቸው አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ወፈር ብሎ ይመልሳል። የሥነ ምድር ሰዎች «ፎኖላይት» የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ የድምፅ ድንጋይ ማለት ነው፤ ሲመቱት ስለሚጮኽ እንዲህ ተባለ። ከዓድዋ ተራሮች ብዙዎቹ የዚህ ድንጋይ ዘመዶች ናቸው። (ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ ዓድዋ ሳስተምር ተራሮቹን እንደ በፊቱ አላያቸውም። እንኳን መድፉ ተራራው ራሱ የሚጮኽ ዘር ነው።)

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520 እ.ኤ.አ. ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ኖሯል። በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ እነዚህን የድንጋይ ደወሎች ይገልጻቸዋል። ጆሮው ከናስ ደወል ጋር ያደገ ሰው ነውና ድምፃቸው ከሩቅ የተሰነጠቀ ደወል መሰለው። አልፈርድበትም። ሰው የለመደውን ነው የሚሰማው። እኔ ግን እላለሁ፣ ያ ቄስ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሰማውን ድምፅ እኛ ዛሬ ጀልባ ተሳፍረን ሄደን መስማት እንችላለን። ስንት የታሪክ ሰው ነው እንዲህ ያለ ዕድል ያለው? የንጉሡን ድምፅ አናውቀውም፣ የድንኳኑን ከተማ ጫጫታ አናውቀውም፣ የጸሎት ጥሪውን ግን እናውቀዋለን።

ሰዎች የድንጋዩን ደወል የድህነት ነገር አድርገው ያዩታል፤ «ናስ ስላጡ ነው» ይላሉ። ናስ ውድ መሆኑ እውነት ነው፣ ከውጭ ሲመጣ የንጉሥና የባለጸጋ ስጦታ ነበር። ግን የጥንቱ የምሥራቅ ክርስትና ሕዝቡን የሚጠራው እንጨት እየመታ ነበር፤ ዛሬም በግሪክና በሮማንያ ገዳማት ረጅም ሳንቃ በመዶሻ እየተመታ መነኮሳቱን ይሰበስባል። ዓረቦች ይህን የክርስቲያኖች መጥሪያ «ናቁስ» ይሉታል። ይህ ናቁስ በእስልምና ታሪክም ውስጥ አለ። በመዲና የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሰዉን ለሶላት በምን እንጥራ ብለው ሲመካከሩ የአይሁድ ቀንደ መለከትና የክርስቲያኖች ናቁስ ተነሥተው ነበር ይላል ትውፊታቸው። በመጨረሻ የተመረጠው የሰው ድምፅ ሆነ። ያ የመጀመሪያው ድምፅ የማን እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ የሐበሻው የቢላል። እኔ ባደግሁበት ከተማ ሌሊት አሥር ሰዓት ግድም አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት አንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ፉክክር ይሰማዋል። እኔ በልጅነቴ ሁለቱም አንድ ነገር ነበር የሚነግሩኝ፦ ገና ነው፣ ተኛ፣ ትልልቆቹ ነቅተዋል።

ደወል ከተነሣ አይቀር የትምህርት ቤታችንንም ደወል ላንሳ። የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ቁራጭ ኳ ኳ ያደርገዋል። በገጠር የቤተ ክርስቲያን ደወል ቸርኬ ወይም የሐዲድ ቁራጭ ሆኖ ያየሁበት ቦታ ብዙ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ የመድፍ ቀለሃ ነው። ባዶው ቀለሃ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ለኪዳን ሲጠራ ሰምቻለሁ። ድምፁ ያምራል፣ ይህን መካድ አልችልም። ግን ደስ ብሎህ የምትሰማው ድምፅ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ያለው እንዲህ ሆኖ ይሆን? ወይስ ሰዉ ከወደቀበት ያገኘውን አንሥቶ ነው? አላውቅም፣ ሁለቱም ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሴት አያቴ። አያቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር፣ ግን በዓመት አንድ ቀን ግሪክኛና ቅብጥኛ ትናገራለች። ስቅለት ዕለት። ሰዉ ሲሰግድ የሚለውን ታውቁታላችሁ፦ «ኪርያላይሶን» አለ፣ «እብኖዲ ናይናን» አለ፣ «ታኦስ ናይናን» አለ። ኪርያላይሶን ግሪክኛ ነው፣ አቤቱ ማረን። ታኦስ ያው ቴኦስ ነው፣ አምላክ። እብኖዲና ናይናን የቅብጥ ናቸው፤ እብኖዲ እግዚአብሔር፣ ናይናን ማረን። ግብፃውያን ራሳቸው በዕለት ኑሯቸው መናገር የተዉትን ቋንቋ ጉልበቷን የሚያማት ባልቴት ደቡብ ጎንደር ላይ ከግንባሯ አፈር እያራገፈች ትለዋለች። እንዴት መጣ? ከፍሬምናጦስ፣ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ፣ ከአራተኛው መቶ ዓመት ማለት ነው፣ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣልን ነበር። ይህ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀጠለ፤ የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመው በ1951 ዓ.ም. ነው። ጳጳሳቱ ሲመጡ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ቋንቋችንን እንኳ ሳይለምዱ አረፉ፣ ቃላቱ ግን ቀሩ። እኔ ለተማሪ «የታሪክ ምንጭ ምንድን ነው?» ስል መጽሐፍ፣ ሐውልት፣ ሳንቲም ይሉኛል። የአያቴን ትንፋሽ የጠቀሰልኝ ግን የለም። አሁን ጥቀሱ።

የሚቀጥለው ድምፅ ወፍጮ ነው። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የሞተሩን ወፍጮ አይደለም፣ የድንጋዩን ነው። ዶሮ ሳይጮኽ እናቴ ተንበርክካ መጁን ስትገፋ፣ ሽርርር እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በላዩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች። እንጉርጉሮው ለማንም አይደለም፣ ለራስዋ ነው። ይህ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር ያገናኘዋል።

አንደኛው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ገብተው ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልገባቸው አለ። ገድላቸው እንደሚተርከው ብዙ ዘመን ሳይዙት ቀሩና እህል እየፈጩ ገዳሙን ያገለግሉ ነበር። ሴት የማይገባበት ገዳም ነውና ወፍጮውም የወንድ ሥራ ነው። እጃቸው እስኪላጥ እየፈጩ እመቤታችንን ይለምኑ ነበር፣ በኋላ ምሥጢር ተገለጠላቸው። እኚህ ሰው ናቸው «መጽሐፈ ሰዓታት»ን የደረሱት፣ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉት። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከነበሩት ሊቃውንት ማን ይበልጣቸዋል? እና እኔ ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የምሰማው ዜማ ከጀርባው ወፍጮ አለው። ተአምሩን ማመን ያለማመን የየራሳችሁ ነው። ገድሉን የጻፈው ሰው ግን አንድ ነገር አውቋል፦ ለሰነፍ ተማሪ ከወፍጮ ቤት የተሻለ መጸለያ የለም። ስንቱን «አይገባውም» ያልነውን ልጅ ወፍጮ ቤት ልከን ሳንመለከተው ቀርተን ይሆን? (አስተማሪዎች፣ ይህች ለእኛ ናት።)

ሁለተኛው ወፍጮው የማይሰማበት ቀን ነው። በሰንበትና በበዓል አይፈጭም። ልጅ ሆኜ የወሩን ቀን አላውቅም ነበር፤ ጠዋት ነቅቼ ወፍጮ ካልሰማሁ ግን ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ወይም ማርያም፣ ወይም ሰንበት ብዬ እገምታለሁ። እንግዲህ በዓል በቤታችን በደወል ሳይሆን በዝምታ ነበር የሚገባው። ያውም ቅዳሜም ጭምር! ቅዳሜ ለምን? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመኝ። ቀዳሚት ሰንበት ትከበር አትከበር የሚለው ክርክር አገሩን ከመቶ ዓመት በላይ አምሶታል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ሁለቱም ሰንበት ይከበሩ ብለው ተሰደዱበት፣ ከክህነት ተገለሉበት። ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ይከበሩ ተባለ። የጉባኤ ውሳኔ ሲባል ብራናና ማኅተም ነው የሚታያችሁ። እናቴ ስለ ደብረ ምጥማቅ ሰምታ አታውቅም። ግን ያ ውሳኔ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት መጇን ከእጇ ያስጥላት ነበር። ጉባኤ ማለት ይኸው ነው፣ የሚደርሰው እስከ ወፍጮው ድረስ ነው።

ሙቀጫው ግን በበዓልም አይከለከልም፤ ቢያንስ በእኛ ሰፈር። ከቅዳሴ መልስ የመጀመሪያው ድምፅ ቡና ሲወቀጥ ነው። ቁርጥ ያለች ምት ናት፣ ዘነዘናው ሲያርፍ ከሦስት ቤት በላይ ትሰማለች፣ «ቡና ጠጡ» ከማለት አታንስም። ዛሬ ያለ ቡና የክርስቲያን ሰንበቴ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ነገር ግን የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ይህ ድምፅ ከክርስቲያን ቤት ቢሰማ ጎረቤት ይደነግጥ ነበር። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ካህናቱ ይከለክሉ ነበር። ነገሩ የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፣ ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ክልከላው እንዲቀር ረድተዋል ይባላል። በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ የተወገዘው ነገር ከጸበል ጻዲቅ ጎን ተቀመጠ። ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ስንል ደግሞ ዓረብኛ ነው የምንናገረው፣ በረከት ማለት ነው። አያቴ በስቅለት ቅብጥኛ፣ በእሁድ ዓረብኛ!

ዘጌ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። ያ ከላይ ያልኳችሁ የድንጋይ ደወል ያለበት ልሳነ ምድር ደኑ በሙሉ ቡና ነው። በሬ ተጠምዶ አይታረስበትም፣ ይህ የገዳሙ ሕግ ነው፤ ስለዚህም ገዳማቱም ገበሬውም ለረጅም ዘመን በቡና ኖረዋል። ይህን ለተማሪ ስነግር «ታዲያ እየከለከሉ እንዴት ያመርቱ ነበር?» የሚል ብልህ አይጠፋም። መሸጥና መጠጣት አንድ ነው እንዴ ልጄ፣ እለዋለሁ።

ይህን ሁሉ አሁን ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ጆሮዬን ታየሁ። ሐኪሙ መሣሪያ ጆሮዬ ላይ አድርጎ አስመረመረኝና ወረቀት ላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አሳየኝ። በእርጅና የሚመጣ ነው፣ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው አለኝ፤ ወፍራሙ እስከ መጨረሻው ይቆያል። በሽታው አላስደነገጠኝም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ማኅሌቱን እያሰብኩ ነበር። ቀጭኑ ማለት ጸናጽሉ ነው። ወፍራሙ ከበሮው ነው። ለካስ ከዓመት በፊት ለባለቤቴ «የዘንድሮ ካህናት ጸናጽል ይፈራሉ እንዴ?» ስላት ዝም ያለችው ለዚህ ኖሯል።

ጸናጽል ቀላል ነገር አይደለም። ጥንት ግብፃውያን በቤተ ጣዖታቸው የሚያንሿሿቸው የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ነበሩ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በአምልኮ ውስጥ ሕያው ሆኖ የምታገኙት በእኛ ቤት ነው። መምህራኑ የያዕቆብ መሰላል ነው ይላሉ፤ የከበሮውን ጠፍር የጌታ ግርፋት፣ ሰፊውን አፍ መለኮት፣ ጠባቡን ትስብእት ያደርጉታል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን ሁለቱም ያርፋሉ፤ መቋሚያ ብቻ ነው። ድሮ ይህ ዝምታ ይከብደኝ ነበር። አሁን ልምምድ ሆኖልኛል። የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፣ በጆሮ አይደለም። ጸናጽሉን ደግሞ እጃቸው ሲወዛወዝ አይቼ ራሴ እጨምርበታለሁ።

«ቅዱስ ያሬድን የት ጣልከው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልጣልኩትም። ዛፍ ላይ የምትወጣውን ትል፣ ሦስቱን ወፎች፣ የንጉሥ ገብረ መስቀልን ጦር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። እኔ የምፈልገው ከያሬድ አንድ ሺሕ ዓመት በኋላ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ነው፤ አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የዜማውን ምልክት ያዘጋጁት እነሱ ናቸው ይባላል፤ ከድጓው መስመር በላይ በደቃቁ የተጻፉት ፊደላት። ዘመኑን ልብ በሉ። የግራኝ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሊቃውንት ሞተዋል፣ ዜማው ደግሞ ያለው በሊቃውንቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያን ሰዎች ያስነሣቸው ፍርሃት ነው። ድምፅ ከሰው ጋር እንደሚቀበር ዐይናቸው አይቷል። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ተማሪ ዛሬም ጣቱን በዚያ ምልክት ላይ እያስኬደ ይማራል።

ስለ ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ልበልና ላብቃ፤ ተቀየሙኝ አትቀየሙኝ። እኔ አልወደውም። ቀረጻ መዝሙር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሲለቀቅ የታመመ አለ፣ አራስ አለች፣ የፈረቃ ሠራተኛ አለ። ያ አንሶ ደግሞ ውስጥ የሚቆመውን ሰዓታት ውጭ ያለው ካሴት ይሸፍነዋል። ደወል ጠርቶ ዝም ይላል፤ ማጉያው ግን ዝም ማለት አያውቅም። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ በተቃራኒው ደወል ማሰማት ተከልክለን በስልካችን ቀድተን ነው የምንነቃው ትሉኛላችሁ። ከመካከላችሁ አንዷ የዑራን ድንጋይ ደወል የስልክዋ መቀስቀሻ እንዳደረገችው ስትነግረኝ ሳቅሁ፣ ከዚያ ላኪልኝ አልኳት። ስልኩ ስፒከር ላይ ደህና ይሰማኛል።

እና አንድ የቤት ሥራ። ያረጃችሁ መስሏችሁ ከቤት ሥራ ያመለጣችሁ እንዳይመስላችሁ። በየአገራችሁ፣ በየደብራችሁ፣ የድንጋይ ደወል ካለ ቅዱልኝ። ስንት ድንጋይ እንደሆነ፣ በምን እንደሚመታ፣ ከየት ተራራ እንደመጣ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። የእጅ ወፍጮ የምትፈጭ እናት ያለቻችሁም እንደዚያው፣ ግን ፈቃድዋን ጠይቃችሁ፤ እንጉርጉሮው የራስዋ ነው። ቀረጻው ላይ ዶሮም ውሻም ቢገባ አታጥፉት። እስከ ጳጉሜን እጠብቃለሁ።